የዶሮን ቁጥር ከማብዛት አስቀድሞ የመኖዋን ሚዛን ስለ ማሰናዳት

ክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፣ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፣ እንዲሁም መሬት ይዛችሁ የምታለሙ ባለይዞታዎች!

የዶሮ ርባታ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ በገበሬው ጓሮ የኖረ ሥራ ነው። ይልቁንም የቤቲቱ እመቤት ገንዘብ ሆኖ፣ ለጨውና ለበርበሬ፣ ለልጅም ልብስ የሚሆነው ብር ከእንቁላልና ከዶሮ ሽያጭ ሲገኝ መኖሩ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ይህን ሥራ ለማሻሻል የተደከመውም ድካም የትናንት አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባሉትን የውጭ ዝርያዎች አስገብተው ነበር። ከዚያ በኋላም የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ብዙ ዓመት ደክሞበታል። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ እንቁላልንና የዶሮ ሥጋን ከወተትና ከማር ጋር አንድ አድርጎ የመንግሥት ዋና አሳብ አድርጎታል። ስለዚህም በብዙ ወረዳዎች ቄብ ዶሮዎች ለገበሬው ሲታደሉ፣ የታደሉትም ቁጥር በሪፖርት ሲጻፍ እናያለን።

ነገር ግን የታደለው ዶሮ ብዛትና ከዚያ በኋላ የሚገኘው እንቁላል ብዛት ሁል ጊዜ አይመሳሰሉም። አንዲት ሴት በብድር ወይም ካጠራቀመችው ገንዘብ ቄቦቹን ገዝታ፣ ቤት ሠርታ፣ እህል እየሰፈረች ወራት ከጠበቀች በኋላ ዶሮዎቹ ትንንሽ እንቁላል ጥቂት ጊዜ ጥለው ቢያቆሙባት፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ተረት በርስዋ ላይ ይፈጸማል። ዕዳው ይቀራል፤ ዶሮዎቹም ለገበያ ይወጣሉ። በወረዳውም ጽሕፈት ቤት «ዝርያው ለአየራችን አልተስማማም» ተብሎ ይዘጋል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ያለ ምርመራ የሚሰጥ ነው። ዝርያው ሳይከሰስ አስቀድሞ መኖው መመርመር ይገባዋል። በመኖውም ውስጥ የሚመረመረው የእህሉ ብዛት ብቻ ወይም ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ ድምር ብቻ ሳይሆን፣ ያ ፕሮቲን የተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ሚዛን መሆን አለበት። የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይኸው አንድ ነገር ነው፤ ሚዛኑ የተጠበቀ መኖ ሳይዘጋጅ ዶሮ ማደል ሀብትን ማባከን ነው።

አሚኖ አሲድ ምን እንደ ሆነ በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። መጽሐፍ በእርሳስ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ «ሰላም» የሚለውን ቃል ለመደርደር ሦስቱም ፊደላት ያስፈልጉት ነበር። «ላ» ያለቀበት እንደ ሆነ፣ «ሰ» እና «ም» በሣጥን ሞልተው ቢተርፉት እንኳ ቃሉን አንድ ጊዜ ሊያትመው አይችልም። ፕሮቲንም እንዲሁ ነው። ፊደላቱ 20 የሚያህሉ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ከነርሱ ግማሾቹን ዶሮዪቱ በሰውነቷ ትሠራቸዋለች፤ 10 የሚያህሉትን ግን ከምትበላው ካላገኘች ከሌላ ከየትም ልታመጣቸው አትችልም። ከነዚህም መካከል በእህል በሚቀለብ ዶሮ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድሉት ላይሲን፣ ሜቲዮኒንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት ናቸው። አንዱ በጎደለ ጊዜ የእንቁላሉ ሥራ በጎደለው ልክ ይቆማል። የተረፉትም አሚኖ አሲዶች በሰውነቷ ውስጥ ተከማችተው ለሌላ ቀን አይቆዩም፤ ፈርሰው ናይትሮጅናቸው በኩስ ይወጣል። በዶሮ ቤት ውስጥ ዓይን የሚያቃጥለው የአሞኒያ ሽታ የሚመጣው ከዚሁ በኩስ ከሚወጣው ናይትሮጅን ነውና፣ በገንዘብ የተገዛ ፕሮቲን ያለ ጥቅም መጥፋቱን ከሚያመለክቱት ነገሮች አንዱ ነው።

ይህ እውቀት የተገኘው በብዙ ድካም ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1914 ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት ለአይጦች ከበቆሎ ብቻ የተለየውን ዜይን የሚባለውን ፕሮቲን ሰጥተው ነበር። አይጦቹ ምንም እንኳ ፕሮቲኑን እስኪበቃቸው ቢበሉ እየከሱ ሄዱ። ትሪፕቶፋን በተጨመረላቸው ጊዜ መክሳቱ ቆመ፤ ላይሲንም በላዩ በተጨመረ ጊዜ ማደግ ጀመሩ። እንግዲህ ፕሮቲን ሁሉ አንድ አለመሆኑ ከ100 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። ሜቲዮኒንም በ1922 ገደማ ሙለር በተባለ ሊቅ ተለይቶ ታውቋል። ዛሬ የቀረው ሥራ ይህን እውቀት እስከ ገበሬው ጓሮ ማድረስ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የቅርፊቱ ክብደት ሳይቆጠር 50 ግራም የሚመዝን የአንድ እንቁላል ውስጥ 6 ግራም ከሩብ የሚያህል ፕሮቲን አለው። በዚህም ፕሮቲን ውስጥ 450 ሚሊግራም ያህል ላይሲንና 190 ሚሊግራም ያህል ሜቲዮኒን ይገኛል። ዶሮዪቱ ይህን ለእንቁላሉ ከመስጠቷ በላይ ለራሷ ሥጋና ላባ፣ ለሰውነቷም ጥገና የሚሆን ድርሻ ያስፈልጋታል። ስለ ሆነም የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 በፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው ሠንጠረዥ፣ በቀን 100 ግራም የምትበላ ነጭ እንቁላል ጣይ ዶሮ 15 ግራም ፕሮቲን፣ 690 ሚሊግራም ላይሲን፣ 300 ሚሊግራም ሜቲዮኒንና 160 ሚሊግራም ትሪፕቶፋን እንደሚያስፈልጋት ተመልክቷል። ቡናማ እንቁላል የምትጥለው ገዘፍ ያለችው ዶሮ በቀን 110 ግራም ስለምትበላ ድርሻዋ በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

በዚህ ሚዛን በቆሎን እንመዝን። 100 ግራም በቆሎ 8 ግራም ተኩል ፕሮቲን፣ 260 ሚሊግራም ላይሲን፣ 180 ሚሊግራም ሜቲዮኒንና 60 ሚሊግራም ትሪፕቶፋን አለው። ዶሮዪቱ ለራሷ ምንም ሳታስቀር ሁሉን ለእንቁላሉ ብትሰጥ እንኳ፣ የአንድ ቀን በቆሎ ላይሲን ለአንድ እንቁላል አይበቃም። በበቆሎ ብቻ ፍላጎቷን ትሙላ ቢባል በቀን ከ260 ግራም በላይ መብላት ሊኖርባት ነው፤ ይህም ከሆዷ መጠን በላይ ነው። ማሽላም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ላይሲኑ ከበቆሎም ያንሳል። ስንዴ ፕሮቲኑ ቢበዛም ላይሲኑ ከሚያስፈልገው እጅግ የራቀ ነው። ስለዚህ እህል ብቻ የተሰፈረላት ዶሮ በመጀመሪያ ከሥጋዋ እየቀነሰች ጥቂት ጊዜ ትጥላለች፤ ቀጥሎ እንቁላሉ እያነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም መጣሏ ይደክማል። ባለቤቷ ግን ቁናውን ሞልታ ስለ ሰፈረች ዶሮዋን የራበባት አይመስላትም።

«ታዲያ የአባቶቻችን ዶሮ ያለ አሚኖ አሲድ ትምህርት እንዴት ትጥል ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የአገራችን ዶሮ ከማለዳ እስከ ማታ እየጫረች ትል፣ ምስጥ፣ ፌንጣና ለጋ ቅጠል ትለቅማለች። ትልና ምስጥ ከእህል የጎደለውን ላይሲንና ሜቲዮኒን የያዙ ናቸውና፣ ዶሮዪቱ የመኖዋን ሚዛን በራሷ ጥፍር ትጠብቅ ነበር። የምትጥለውም በተለመደው ግምት በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ትንንሽ እንቁላል ስለ ነበረ፣ ያገኘችው ይበቃት ነበር። የተሻሻለችው ዶሮ ግን በጥሩ አያያዝ በዓመት እስከ 300 እንድትጥል ተመርጣ የተራባች ናት። እርስዋን በሽቦ ወይም በጭቃ ቤት ዘግተን እህል ብቻ ስንሰፍርላት፣ በአንድ በኩል የምንጠብቅባትን ሥራ አምስት እጥፍ አብዝተን፣ በሌላ በኩል ትሉንና ምስጡን ቀምተናታል። የቀማነውን ካልተካንላት ልንወቅሳት አይገባም።

አሁን ደግሞ በገበያና በመሥሪያ ቤት ዘንድ ዘወትር የሚደረገውን ስሕተት እንመልከት። ይኸውም መኖውን በፕሮቲኑ ድምር ብቻ መገመት ነው። ነገሩን በሦስት ድብልቆች ማስረዳት ይቻላል። በሦስቱም ውስጥ ከ100 ግራም መኖ 62 ግራሙ በቆሎ ነው፤ 13 ግራሙ የኖራ ድንጋይ፣ የአጥንት ዱቄት፣ ጨውና የቫይታሚን ቅልቅል ነው፤ የሚለያዩት በቀረው 25 ግራም ነው።

በመጀመሪያው ድብልቅ 25ቱ ግራም ሁሉ ዘይቱ የወጣለት የሰሊጥ ፋጉሎ ነው። በሁለተኛው 25ቱም የአኩሪ አተር ፋጉሎ ነው። በሦስተኛው 18 ግራሙ የአኩሪ አተር፣ 7 ግራሙ የሰሊጥ ፋጉሎ ነው። የሦስቱም ፕሮቲን አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ከ16 ግራም ጥቂት ከፍ ይላሉና። ፕሮቲኑን ብቻ የሚመረምር ሰው ሦስቱንም አንድ ዋጋ ይሰጣቸዋል። ዶሮዪቱ ግን አንድ ዋጋ አትሰጣቸውም። በዚያው በ1994 ሠንጠረዥ ሲሰላ፣ መጀመሪያው 417 ሚሊግራም ሜቲዮኒን ሲኖረው ላይሲኑ 390 ብቻ ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገው ከግማሽ ብዙም ያልበለጠ ነው። ሁለተኛው 834 ሚሊግራም ላይሲን ሲኖረው ሜቲዮኒኑ 267 ሆኖ ይጎድላል። ሦስተኛው ግን ላይሲኑ 709፣ ሜቲዮኒኑ 309 ስለ ሆነ ሁለቱንም ይሞላል። አንዱ ፋጉሎ የጎደለውን ሌላው ሞላለት ማለት ነው። ሁለት በሬዎች በአንድ ቀንበር ሲጠመዱ መሬቱ እንደሚታረስ፣ አንዱ ብቻውን ምንም ቢበረታ ግን ማሳው እንደማይገለበጥ ያለ ነገር ነው።

የአኩሪ አተር ፋጉሎ ብቻ በሚገኝበት አገር የጎደለውን ሜቲዮኒን በፋብሪካ በተሠራው መሙላት ይቻላል። ከፍ ብሎ በተነገረው በሁለተኛው ድብልቅ ለአንድ ኩንታል መኖ የሚያስፈልገው 33 ግራም ያህል ነው። ላይሲንም በጃፓን በ1956 በፈረንጅ አቆጣጠር በተገኘ ረቂቅ ሕዋስ አማካይነት ከስኳር እየተብላላ በፋብሪካ ይሠራል። እነዚህ ከውጭ የሚመጡና በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ መሆናቸው እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ኩንታል አንድ እፍኝ የማይሞላ ዱቄት ነፍጎ ኩንታሉን ሁሉ ማባከን ቁጠባ አይባልም።

ደግሞም የሰሊጥን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰሊጥ ሁመራንና መተማን የመሳሰሉት ቆላዎቻችን የታወቁበት ሀብት ነው፤ ፋጉሎውም ዶሮ ከሁሉ ይልቅ በሚያጥራት በሜቲዮኒን የበለጸገ ነው። ነገር ግን ሰሊጣችን አብዛኛው ሳይጨመቅ በፍሬው ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። ፍሬው በሄደ ጊዜ ፋጉሎውም አብሮ ይሄዳል። የሰሊጥ አገር ሆነን ለዶሮ መኖ ሜቲዮኒን ማጣታችን የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ያሰኛል። የውጭ ምንዛሪ ማግኘት አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ከምርቱ ጥቂቱ እጅ በአገር ውስጥ ተጨምቆ ዘይቱ ለወጥ፣ ፋጉሎው ለመኖ ቢውል፣ የምንዛሪው ጉዳት በዘይትና በእንቁላል የሚካስ ይመስለኛል። የኑግ ፋጉሎም በየዘይት መጭመቂያው የሚገኝ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አሰሩ ብዙ፣ ላይሲኑም ከአኩሪ አተር ያነሰ ስለ ሆነ፣ ብቻውን ለእንቁላል ጣይ ዶሮ አይበቃትም። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ በላይሲን የበለጸጉ፣ በሜቲዮኒን ግን ድኾች ናቸውና ከሰሊጥ ጋር ይስማማሉ። በበቆሎም በኩል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የላይሲኑና የትሪፕቶፋኑ መጠን ከተራው እጥፍ የሚያህል በቆሎ መኖሩ ታውቆ፣ በሜክሲኮ የደከሙበት ቫሳልና ቪዬጋስ የተባሉት ሊቃውንት በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተውበታል። ከዚሁ ዓይነት የመጡ ዝርያዎች ለአገራችን ገበሬዎችም ከተለቀቁ ቆይቷል። ይህ በቆሎ ለሕፃንም ለዶሮም የሚጠቅም ስለ ሆነ፣ ዘሩ በሚስማማበት ወረዳ እንዲስፋፋ መትጋት ይገባል።

ሦስት ማስጠንቀቂያዎችን መጨመር ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለው፣ ሳይቆላ ወይም ሳይቀቀል ለዶሮ መስጠት አይገባም። ይህንም እነዚያው ኦስቦርንና ሜንደል በ1917 ሙቀት የአኩሪ አተርን ጥቅም እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሁለተኛው፣ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ላይሲኑን ያበላሻልና፣ አሮ የጠቆረ ፋጉሎ በሠንጠረዥ ላይ የተጻፈለትን ያህል ላይሲን ለዶሮዪቱ አይሰጣትም። ሦስተኛው፣ የሻገተ ፋጉሎ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል፣ ርካሽ ሆኖ ቢገኝ እንኳ መገዛት የለበትም።

የቆላና የደጋ ልዩነትም መዘንጋት አይገባውም። ዶሮዪቱ የምትፈልገው በቀን የተወሰነ ሚሊግራም ነው፤ በመቶኛ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው የተባለውን ያህል ስትበላ ብቻ ነው። በቆላ ሙቀት ሲበረታባት የምትበላው ይቀንሳል። 100 ግራም ትበላ የነበረችው 85 ብቻ ብትበላ፣ 300 ሚሊግራም የነበረው ሜቲዮኒኗ 255 ይሆናል። ስለዚህ በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ ለሚቀለብ ዶሮ የሚዘጋጀው መኖ በኪሎ 3 ግራም ሳይሆን 3 ግራም ተኩል ያህል ሜቲዮኒን ሊኖረው ይገባል። የደጋውን መኖ በመኪና ጭኖ ወደ ቆላ ማውረድ፣ የደጋውን ካባ ለቆላ ሰው እንደ ማልበስ ነው።

አንዳንድ ክቡራን «ሰው እህል ባጣበት አገር ለዶሮ እህል መስጠት ተገቢ ነውን?» ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላል የሚታለፍ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከ100ው 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባ ቁመት እንዳላገኙ ታውቋል። ለዚህ ሕመም ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን እንደ ዶሮዪቱ ሁሉ ሕፃኑም በእህል ብቻ ሲያድግ የሚጎድሉት አሚኖ አሲዶች አሉ፤ እንቁላልም እነርሱን ከሚያሟሉት ምግቦች ፊተኛው ነው። ደግሞ ሒሳቡን እንመልከት። አንዲት ዶሮ በቀን 100 ግራም ብትበላ በዓመት 36 ኪሎ ተኩል ይሆናል። በዚህ 250 እንቁላል ብትጥል ለአንዱ እንቁላል የወጣው መኖ 146 ግራም ነው፤ 100 ብቻ ብትጥል ግን 365 ግራም ነው። እህልን የሚያባክነው ዶሮን መመገብ ሳይሆን ሚዛኑ በጎደለ መኖ መመገብ መሆኑ ከዚህ ይታያል። ስለ እህሉ የሚያዝን ሰው አስቀድሞ ስለ ሚዛኑ ማሰብ አለበት።

አሚኖ አሲድ ብቻውን ሁሉን ይፈጽማል ማለቴም አይደለም። የፈንግል ክትባት ያልተሰጣት ዶሮ መኖዋ ምንም ቢያምር በአንድ ሳምንት ታልቃለች። ንጹሕ ውኃ፣ ለቅርፊት የሚሆን ኖራ፣ ኃይል የሚሰጥ በቂ እህልና ደረቅ ቤት ያስፈልጓታል። ነገር ግን ስለ ክትባትና ስለ ቤት ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ስለዚህኛው የተነገረው ጥቂት ስለ ሆነ አሳቤን በርሱ ላይ አድርጌአለሁ።

እንግዲህ ክቡራን አስተዳዳሪዎችና ባለይዞታዎች ልትፈጽሙት የምትችሉትን ሥራ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ቄብ ዶሮ ከመታደሉ በፊት የመኖው ሒሳብ ይቅረብ። ለ1,000 ዶሮ በዓመት 365 ኩንታል መኖ ያስፈልጋል። ከፍ ብሎ በሦስተኛው ድብልቅ በተነገረው መሠረት ከዚህ ውስጥ 226 ኩንታል በቆሎ፣ 66 ኩንታል የአኩሪ አተር ፋጉሎና 26 ኩንታል የሰሊጥ ፋጉሎ ነው። ይህን ማግኘት የማይችል ወረዳ 1,000 ዶሮ ከሚቀበል 300 ተቀብሎ ቢመግብ ይሻለዋል።

2ኛ፤ በወረዳው ያሉት የዘይት መጭመቂያዎች ፋጉሏቸውን የት እንደሚሸጡ ተመዝግቦ ይታወቅ። የገበሬ ማኅበራትም ከነርሱ ጋር በስምምነት በጅምላ እንዲገዙ ይረዱ። በሩቅ ከተማ የሚሸጥ ፋጉሎ ተመልሶ ሲመጣ የማጓጓዣው ዋጋ በገበሬው ላይ ይወድቃልና።

3ኛ፤ በከረጢት የሚሸጥ የእንቁላል ጣይ መኖ ከፕሮቲኑ ሌላ የላይሲኑና የሜቲዮኒኑ መጠን እንዲጻፍበት ይጠየቅ፤ አልፎ አልፎም ናሙናው በላቦራቶሪ ይመርመር። መንግሥት በጨረታ ሲገዛም «ፕሮቲን 16 በመቶ» የሚለው ቃል ብቻ በውሉ ውስጥ አይበቃም።

4ኛ፤ ሰፋ ያለ መሬት ያላችሁ ባለይዞታዎች ከበቆሎው ማሳ ጥቂቱን ለአኩሪ አተር ብትመድቡት፣ ሥሩ ናይትሮጅን ለመሬቱ ይመልሳል፤ ፍሬውም በአግባቡ ተቆልቶ ለመኖ ይሆናል። በአካባቢያችሁ ያሉትም ትንንሽ ገበሬዎች ከእናንተ አይተው ይማራሉ።

5ኛ፤ በሪፖርት የሚጻፈው ቁጥር ይለወጥ። ስንት ዶሮ ታደለ ከሚለው ቀጥሎ፣ ዶሮዎቹ መጣል ከጀመሩ ከሦስት ወር በኋላ ከ100 ዶሮ በቀን ስንት እንቁላል እንደሚገኝና የ30 እንቁላል ክብደት ስንት እንደ ሆነ ይጻፍ። እንቁላሉ እያነሰ መሄዱ የአሚኖ አሲድ መጉደል ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በየወሩ የተመዘነ እንቁላል ሹሙን አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋል። ሚዛኑም በየገበያው የሚገኝ ተራ ሚዛን ነው፤ ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው የወረዳው ሹም በእርሻ ባለሙያው አጠገብ ተቀምጦ የአንድ ቀን ሒሳብ እንዲሠራ ነው፤ ይኸውም ስንት ዶሮ አለን፣ ምን ይበላሉ፣ በምግባቸውስ ውስጥ ምን ጎደለ የሚለውን መመርመር ነው። ገበሬዋ ስለ ላይሲንና ስለ ሜቲዮኒን ላታውቅ ትችላለች፤ እንድታውቅም አትገደድም። የምትገዛው ከረጢት በውስጡ ያለው ነገር የተመዘነ መሆኑን ማረጋገጥ ግን በሹመት ወንበር የተቀመጠው ሰው ግዴታ ነው። መጪው የዶሮ እደላ ከመድረሱ በፊት በየወረዳችሁ ይህን ሒሳብ ሠርታችሁ፣ የጎደለውን አውቃችሁ፣ ማሟላት እንድትጀምሩ በአክብሮት አሳስባለሁ።